መርፌው፣ ወገቤና የጀርመኖቹ ጥናት

ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወገቤ ማጉረምረም የጀመረው ከአራት ዓመት ወዲህ ነው። ደለስ ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ተራ ጠብቄ ከመኪና ስወርድ በሩን ሙጥኝ ብዬ ካልሆነ አልቆምም ነበር። ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ «ዲስክ አልተንሸራተተም፣ ዕድሜ ነው» አሉኝ። አይቡፕሮፌኑ ጨጓራዬን ላጠው። ባለቤቴ ጸበል አለች፣ ጓደኞቼ ወጌሻ አሉ። ልጄ ግን «አባዬ፣ ሜዲኬር ለወገብ አኩፓንክቸር ይሸፍናል» አለችኝ። ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ነው፤ አኩፓንክቸር ደግሞ የቻይናዎቹ የመርፌ ሕክምና።

እውነቷን ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ይከፍላል። ለውጥ ካለ 8 ይጨመራል፣ በዓመት ከ20 አያልፍም። ለሌላ በሽታ ግን አይከፍልም።

መርፌውን የምትወጋኝ ሴትዮ ቻይናዊት ናት። መጀመሪያ ምላሴን አየች፣ ከዚያ በሦስት ጣት የሁለቱንም እጆቼን የደም ሥር እየያዘች ቆየች። መርፌ ስላችሁ የጤና ጣቢያው እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉር ነው የሚያክለው። በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ቆዳ ላይ አቁማ አናቱን በጣቷ ጠቅ ታደርገዋለች፣ አለቀ። ወገቤ ላይ የገቡት ብዙም አልተሰሙኝም። ከጉልበቴ መታጠፊያ ኋላ የገባው ግን የሆነ ክብደት ይዞ እስከ ተረከዜ ወረደ። ጮኽኩ። እሷ ደስ አላት! እነሱ ዘንድ ይሄ ስሜት «ዴ ቺ» ይባላል፤ መርፌው ቦታውን የማግኘቱ ምልክት ነው። ከዚያ መብራቱን ቀንሳ፣ በላዬ ላይ የሚያሞቅ አምፖል አብርታ ወጣች። እንቅልፍ ወሰደኝ። በቀን ጋደም ብዬ ስተኛ ከስንት ዓመቴ ነው?

በሦስተኛው ቀን ጀርባዬ ላይ የብርጭቆ ዋንጫ ስትደፋ ሳቄ መጣ። ዋግምት ናት እኮ! አያቴ በቀንድ ስትታገም ቆሜ አይቻለሁ። ልዩነቱ እዚህ ምላጭ የለም።

አምስተኛው ላይ የመንገደኛ ሻንጣ አነሳሁ። አሥራ ሁለቱ ሲያልቅ ከአሥር ሰባት ብዬ የጀመርኩት ሕመም አራት ላይ ነበር።

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። ልጄ ነርስ ናትና በፈረንጆቹ 2007 ጀርመን ውስጥ የተሠራ ጥናት አነበበችልኝ። 1,162 የወገብ ሕመምተኞችን ለሦስት ከፈሏቸው። ከስድስት ወር በኋላ ትክክለኛ መርፌ ከተወጉት 47.6 በመቶ ተሻላቸው፤ በተለመደው ሕክምና፣ ማለት በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ፣ 27.4 በመቶ ብቻ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ሳያውቁት የውሸት ተወጉ፦ ቦታው ያልሆነ ቦታ፣ ያውም ቆዳ ላይ ብቻ። ከእነሱ 44.2 በመቶ ተሻላቸው!

ታዲያ ያ ሁሉ የቻይና ካርታ፣ ይሄ ቦታ ለኩላሊት ያ ቦታ ለጉበት የሚባለው፣ ምን ሊሠራ ነው? ልጄ «ያሻለህ መተኛቱ ነው» ትላለች። ይሆናል። ወገቤ ግን የትኛው እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጆሮዬ ውስጥ ለሚጮኸው ነገር ከኪሴ ከፍዬ ሁለቴ ተወግቻለሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ስኳር እንዳለብኝ ስነግራቸው «ሃያ ጊዜ ና፣ ሜትፎርሚኑን (የስኳር ክኒኔን ማለት ነው) ትተወዋለህ» አሉኝ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። የአገሬ ሰው እንዲህ ሲባል ክኒኑን እንደሚጥል ስለማውቅ ነው እዚህ የምጽፈው። ወገብና ስኳር አንድ አይደሉም፤ ስኳር ዝም ብሎ ነው እግር የሚያስቆርጠው።

ስምንቱ ተፈቅዶልኛል። ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ደውላችሁ ካላነሳሁ ተኝቼ ነው።