ዘርማት ወይስ ሻሞኒ? ከጉዞ ወኪል ቢሮ የተገኘ ገጠመኝ

ለገጣፎ ያለው የጉዞ ወኪል ቢሯችን የለመደው የዱባይና የጅዳ ተጓዥን ነው። በረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚሄድ ቤተሰብ ሲመጣልን ሁላችንም ሥራችንን ትተን ጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰብን። ባልና ሚስት ከወንድና ሴት ልጆቻቸው ጋር ናቸው። ልጆቹ የስዊዘርላንዱን ዘርማት፣ አባትየው የፈረንሳዩን ሻሞኒ መርጠው፣ ሳይስማሙ ነው የመጡት። እናትየው ሻያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

በልጆቹ አልፈርድም። ማተርሆርንን በፎቶ ያየ ሰው ዘርማትን ባይመኝ ነው የሚገርመኝ። ተራራው 4,478 ሜትር ነው፤ ከእኛው ራስ ዳሽን ትንሽ ያንሳል፣ ቅርጹ ግን እንደ ጦር ጫፍ ሰማዩን ይወጋል። ከተማዋ የነዳጅ መኪና አታስገባም፤ መኪና ያለው ቴሽ የምትባል ጎረቤት መንደር ላይ አቁሞ በባቡር ይገባል። ከጣሊያኑ ቼርቪኒያ ጋር ተያይዞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የመንሸራተቻ መስመር አለ። ልጁ ይህቺን ቁጥር ደጋግሞ ጠራት። አባትየውም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፦ ሻሞኒ የሞን ብላን ተራራ ግርጌ ነው፣ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ በ1924 የተካሄደው እዚያ ነው፣ ሆቴሉም ከስዊዘርላንድ ይረክሳል። «ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ለኢትዮጵያ ሲንሸራተት በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ» ሲሉ ፊታቸው በራ።

ወጣቱ ባልደረባዬ ማንንም ላለማስከፋት አራት ሌሊት ዘርማት፣ አራት ሌሊት ሻሞኒ ብሎ ሠራላቸው። እኔ እንዲህ ያለ ማካፈል አልወድም። ከጄኔቭ ሻሞኒ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ዘርማት ግን ቪስፕ ከተማ ላይ ባቡር ተቀይሮ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ደግሞ የተከራዩትን ጫማና ስኪ መልሶ እንደገና መከራየት፣ ሻንጣ መጎተት፣ የተከፈለበትን ቀን ባቡር ውስጥ ማሳለፍ ይመጣል። ይህን ነገርኳቸው፤ ቤተሰቡ ግን ተስማምቶ ስለነበር በዚያው ቀጠልን።

የቪዛው ሕግ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያርፍበት አገር ቪዛውን የሚሰጠው ይመስለዋል። ሸንገን የሚባሉት የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች ሕግ የሚያየው ብዙ ሌሊት የሚታደርበትን አገር ነው፤ መጀመሪያ የሚገባበት አገር የሚታየው ሌሊቶቹ እኩል ሲሆኑ ነው። አራት ለአራት ስለሆነና በጄኔቭ ስለሚገቡ ማመልከቻው ለስዊዘርላንድ ሆነ፣ ቀጠሮም ተያዘ።

በቀጠሮው ዋዜማ ባልደረባዬ ፋይሉን ሲያሰናዳ አዲስ የሆቴል ማረጋገጫ አገኘ። አባትየው ሳይነግሩን ራሳቸው ሆቴሎቹ ጋ ደውለው አንድ ሌሊት አዛውረዋል፤ ሻሞኒ አምስት፣ ዘርማት ሦስት። ስልኩን አንስቶ «ጋሼ፣ በዚህ ሰነድ ዋናው መድረሻ ፈረንሳይ ነው፤ ነገ ስዊዞች ጋ ብትቀርቡ ማመልከቻው የተሳሳተ ቦታ ነው የሚገባው» አላቸው። ቀጥሎ የሰማነው ዝምታ ነበር። ቀጠሮው ተሰረዘ፣ በማግሥቱ ቤተሰቡ በሙሉ ተመልሶ ቢሯችን ተቀመጠ።

እናትየው ያን ቀን ነው የተናገሩት። «ቆይ አንተ ልጅ፣ እኔ በረዶ ላይ አልወጣም፣ ጉልበቴም አይችልም። ልጆቼ ሲወድቁ ቁጭ ብዬ የማያቸው የት ነው?»

እኔም «ስኪ የሞከረ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድም አልነበረም። 360 ኪሎ ሜትሩ ያኔ ዋጋ አጣ፤ ለጀማሪ የሚያስፈልገው አንድ ለስላሳ ዳገትና ትዕግሥተኛ አስተማሪ ነው። ዘርማት ውስጥ የጀማሪው ሜዳ ያለው ከከተማው በላይ፣ ሱኔጋ የሚባል ቦታ ላይ ስለሆነ በዋሻ ባቡር መውጣት ግድ ነው። ሻሞኒ ውስጥ ግን ሳቮይ የሚባለው የጀማሪ ሜዳ እዚያው ከተማው ዳር ነው፤ እናት በእግራቸው ደርሰው ልጆቻቸውን ያያሉ። የመስመር ክብደት የሚለየው በቀለም ነው፤ ፈረንሳዮች ከሰማያዊው ይበልጥ ቀላል የሆነ አረንጓዴ መስመርም አላቸው፤ ስዊዞች የሚጀምሩት ከሰማያዊ ነው። የሻሞኒ ጉድለት ሜዳዎቹ በሸለቆው ተበታትነው አውቶቡስ ማስፈለጉ ነው፤ ከዘርማት የሚያንሰውም በዚህ ነው። ላልተንሸራተተ ሰው ግን አይከብድም።

እናትየው ስለ ደም ግፊታቸውም ጠየቁ። ሻሞኒ ከተማ 1,035 ሜትር ላይ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ ቆላ መውረድ ነው። ብርዱ ግን የቆላ አይደለም። ኤጊዩ ዱ ሚዲ ወደሚባለው የተራራ ጫፍ የሚያወጣው ኬብል ካር 3,777 ሜትር ስለሚደርስ እሱን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይሳፈሩ አጥብቄ ነገርኳቸው።

ሻሞኒ ብቻ ሆነ፤ ማመልከቻውም ለፈረንሳይ። ቀኑንም የወሰኑት እናትየው ናቸው፦ ገናን ቤታቸው አክብረው ይሄዳሉ፣ ለጥምቀት ይመለሳሉ። የፈረንጆቹ በዓል አልፎ የሆቴል ዋጋ የሚወርደው ያኔ ስለሆነ አባትየው ከሁሉም በላይ ተደሰቱ። ዘርማትን ያጣው ልጅ ግን አኩርፎ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ።

ልጁ ወደ ቢሯችን የተመለሰው ኢንሹራንሱን ስናዘጋጅ ነው። ሸንገን ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ይጠይቃል፤ የስኪ አደጋ ግን በብዙ ውል ውስጥ ተለይቶ ካልተጻፈ አይካተትም፤ እኛም አስጻፍን። ያን ጊዜ ቫሌ ብላንሽ የሚባለውን የሻሞኒ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የበረዶ ግግር ቁልቁለት አንብቦ መጥቶ ሽፋኑ ያንን ይጨምር እንደሆነ ጠየቀኝ። መስመር ያልተበጀለት፣ ስንጥቅ ያለበት ስፍራ መሆኑን፣ ጥሩ ተንሸራታች እንኳ ከመሪ ጋር እንደሚወርደው ካርታ ላይ እያሳየሁ አስረዳሁት። ለሌላ ዓመት አቆየው። እህቱ ደግሞ ጉዞው ሊያልቅ ሲል «ለ ቱር» በሚባለው የሻሞኒ ሜዳ ላይ ሰማያዊውን መስመር ወርዳ ቪዲዮውን ለቢሯችን ላከችልን።