ቀኝ እጄን ለመለሰልኝ አምላክ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው በፒያሳም በአራት ኪሎም ማታ ማታ አጎንብሳችሁ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ለምትስሉ ልጆች ነው። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ቀኝ እጄ ከዳኝ። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና መሐል ጣቴ ደነዘዙ፤ ሌሊት ውርረቱ ይቀሰቅሰኛል፣ እጄን ሳራግፈው ትንሽ ይተወኛል። ትንሿ ጣቴ ግን ደህና ነበረች።

ጾመ ፍልሰታ ሲገባ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆሜ «ይህን የምስለውን የኮሚክ መጽሐፍ ካስጨረስከኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። የንስሐ አባቴ ጸሎት አድርሰውልኝ «ልጄ፣ ሐኪም ዘንድም ሂድ፤ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብብ» አሉኝ። ሐኪምን አክብር የሚለው እዚያ ነው። የጸሎቴ መልስ በዚሁ በሐኪም በር መጣ።

የእጅ አንጓችን ውስጥ 9 ጅማትና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። አንጓው ታጥፎ ብዙ ሲቆይ፣ ጣትም ብዕሩን ጨምድዶ ሲይዝ፣ ነርቩ ይጨቆናል። ትንሿን ጣት የሚያገለግላት ሌላ ነርቭ ስለሆነ እሷ አትደነዝዝም። 24 ገጽ በየገጹ 5 ክፈፍ (አንድ አንድ ሥዕል የሚይዝ ሳጥን) ቢኖረው 120 ክፈፍ ነው፤ የጥላው ጭረት ሁሉ በአንጓ ብቻ ከተሳበ እጅ እንዴት ይችለዋል?

ስፕሊንት የሚሉትን፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ድጋፍ ሌሊት ሌሊት ለ6 ሳምንት አሰርኩ። ብዕሩ ቀጭን ስለነበር ስፖንጅ ጠቅልዬ አወፈርኩት፤ ወፍራም ነገር ጨምድዶ መያዝ አያስፈልግም። ጠረጴዛዬን አጋደልኩት። ረጅሙን መስመር ከትከሻ፣ አጭሩን ብቻ ከአንጓ መሳብ ጀመርኩ። በየ50 ደቂቃው 10 ደቂቃ እረፍት፤ ሥራው ሲጥም እንኳ ተነሡ፣ በጣም የሚጎዳው ያኔ ነውና። የአውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ከሆነ ግን ድጋፍ አስራችሁ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እጅን የሚያደክመው ደግሞ ድጋሚ ሥራ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ንግግሩን ልክተት ካላችሁ ንግግሩ የሚጻፍበት ፊኛ የሰውየውን ፊት ይሸፍናል፣ ክፈፉም እንደገና ይሳላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን በእርሳስ ጻፉ፣ ቀጥሎ ፊኛውን፣ ከዚያ ሰዎቹን። ፊደሉን አታሳንሱት፤ በተራ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለሙ ይሰፋና የ«ሌ» ቀለበት ይደፈናል፣ የ«ቅ» ጭረት ከግንዱ ጋር ይጣበቃል። ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ቀለሙም እንደ ሥር ይበተናል፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ቀለሙ ሳይደርቅ ላጲስ አታስነኩ፤ አንድ ገጽ እንደ ጭስ ከጠቆረ ሙሉውን መድገም ነው።

ለመስቀል ሌሊቱን ሳልነቃ ማደር ጀመርኩ። የመጨረሻውን ገጽ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጨረስኩ። ጥቅምት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ጃንጥላውን በቀኝ እጄ ይዤ ገባሁ፤ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ጣቶቼ አልደነዘዙም።