ትከሻዬና የቀሩኝ አሥር ወራት

ዛሬም ልጄን ያዘለችልኝ አማቴ ናት። እኔ ጎንበስ እላለሁ፣ እሷ ጀርባዬ ላይ አስቀምጣ አንቀልባውን ታስርልኛለች። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይለቅሻል» አለችኝ። ይኸው ትከሻዬ ከታመመ ዐሥራ አራት ወሬ።

የአምስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ነበር የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የተወጋሁት። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ሰልፉም ረጅም ነበር። እጅጌዬ ጠባብ ስለሆነ ቀሚሴን ከአንገቱ ዝቅ አድርጋ፣ እኔ እንደተቀመጥኩ እሷ ቆማ ወጋችኝ። መርፌው ያረፈው ከትከሻዬ አጥንት ጫፍ አንድ ጣት እንኳ ሳይርቅ ነው። ማታውኑ ክንዴ አልነሳ አለኝ።

ኋላ ያየኝ ሐኪም በእስክሪብቶ ሥሎ አስረዳኝ፤ መወጋት የነበረብኝ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ ነው። ከፍ ካለ መድኃኒቱ መገጣጠሚያው ዙሪያ ገብቶ ያስቆጣዋል። አሁን ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ሽቅብ አስኬዳለሁ፤ የደረስኩበትን በእርሳስ አሠምራለሁ። የኅዳሩና የዛሬው መስመር በመካከላቸው አንድ ስንዝር አይሞላም።

ክትባትን አልጠላሁም። ልጄን የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ራሴ ወስጄ አስከትቤዋለሁ፤ ብቻ መርፌው የት እንደሚያርፍ ዓይኔን አልነቀልኩም።

አሜሪካ፣ ዴንቨር ያለችው የአክስቴ ልጅ የዚያን አገር ነገር አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የካሳ ሥርዓት አላቸው፤ ገንዘቡ ከክትባት ቀረጥ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የትከሻ ጉዳትም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ ከጀመረና ከስድስት ወር በላይ ከቆየ፣ የማን ጥፋት ነው ተብሎ ነርስ አይከሰስም።

የኛ ግን ሌላ ነው። ፒያሳ ያለው ጠበቃ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አነበበልኝ። በቁጥር 2031 መሠረት ባለሙያዋ የሙያዋን ደንብ መተላለፏን ማስረዳት አለብኝ። መንግሥትን ልጠይቅ ብል ቁጥር 2126 ይፈቅዳል፤ መንግሥት ግን የከፈለውን ዞሮ ከሠራተኛዋ ሊጠይቅ ይችላል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለሕክምና ያወጣሁት፣ ሳልሠራ የቀረሁበት፣ ይሄ ሁሉ እንዲካስልኝ እፈልጋለሁ። የዚያችን ልጅ ደሞዝ ግን አልፈልግም።

«እህቴ፣ ቁጥር 2143 ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት ነው የሚሰጥሽ» አለኝ ጠበቃው። የቀረኝ አሥር ወር ነው።

ሰኞ የካርዴን ኮፒ ልጠይቅ እሄዳለሁ። ልጅቷ ተረኛ ከሆነች አረፍ ስትል ጠብቄ አናግራታለሁ። መጥሪያ ሳይደርሳት ከእኔ አፍ ትስማው።