«አፍርሷል» ብዬ የጻፍኩት እርከን

ዛሬ ከስንት ቀን በኋላ ውሃ መጣ። ጎንደር ውስጥ ውሃ ሲመጣ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆያል። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይደረደራል። ስቀዳ አንገረብ ግድብ ትዝ አለኝ። ለከተማው ውሃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ደለሉ ግን ከዓመት ዓመት እየገባበት ነው። ደለሉ ከላይ ካሉት ማሳዎች ታጥቦ የሚወርድ አፈር ነው። ከማሳዎቹ አንዱ የአጎቴ ነው።

ድሮ ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። የተመደብኩትም እዚያው አጎቴ ቀበሌ ነበር። ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር ገመድና ውሃ ልክ ይዤ ቁልቁለቱን እለካለሁ፣ እርከን አስቀይሳለሁ፤ አፈሩ እንዳይታጠብ ቁልቁለቱን አግድም የሚያቋርጥ የድንጋይ ካብ ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በሁለት እርከን መካከል 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከያዝክ፣ 10 በመቶ ተዳፋት ላይ እርከኖቹ በየ10 ሜትሩ ይመጣሉ። ቁልቁለቱ ሲብስ ይጠጋጋሉ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

አጎቴ ቅየሳውን ቆመው አዩትና «በሬዎቹን የት ላዙራቸው?» አሉኝ።

እኔ ሰበብ መሰለኝ። ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ «ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» የሚለውን አባባል በቃሌ ይዤ ነበር የመጣሁት።

ጥያቄው የገባኝ አንድ ቀን እርፉን ራሴ ስይዝ ነው። የእኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ ጤፍ ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል። እርከን ሲገባበት ያ መስቀለኛ መንገድ ይዘጋል። ሽቅብ ሄደህ ገና ሳትሞቅ ድንጋዩ ጋ ትደርሳለህ። ሞፈሩን አንስተህ፣ ጥማዱን አዙረህ ትመለሳለህ፣ ደግሞ ወዲያው ታዞራለህ። ጫፍ ጫፉ ሳይታረስ ይቀራል። እርከኑ ራሱም መሬት ይዟል። ያን ቀን እስከ ረፋድ ያረስኩት ለወሬ አይበቃም፤ ወገቤ ግን ለሳምንት ያህል አወራ።

አይጡም አለ። ድንጋዩ ስር ይራባል፣ እህሉን ከዚያው እየወጣ ይበላል። «እርከን ነው የሠራህልኝ ወይስ ለአይጥ ቤት?» ይሉኝ ነበር አጎቴ።

በሁለተኛው ዓመት ስሄድ ድንጋዩ ከቦታው ተነሥቷል። በጣም ተናደድኩ። ቅጹ ላይ «የተቀበለ» እና «ያልተቀበለ» የሚል ነበረው፤ የገዛ አጎቴን ያልተቀበለው ውስጥ ከተትኳቸው። ማብራሪያው ላይ «አፍርሷል» ብዬ ጻፍኩ። «አፍርሰዋል» እንኳን አላልኩም።

ባለፈው ገና ቡና እየጠጣን ነገሩን አነሣሁባቸው። ሳቁ። «ማን አፈረሰ አለህ?» እርከኑ ላይ ደለል ተኝቶ ነበር፤ ከማሳው ሁሉ የሚሻለው አፈር እሱ ነው። ድንጋዩን ነቅለው ትንሽ ዝቅ አድርገው ካቡት፣ ደለሉን በተኑት፣ እዚያው ላይ ገብስ ዘሩበት። አይጡንም በዚያው ጨረሱት። ደግሞ እኔ ከቀየስኳቸው ሁለት ሁለቱ መካከል አንዱን ትተው ነው የካቡት፤ በሬ እንዲዞር።

አጎቴ ሁሉንም ያውቃሉ ማለቴ ግን አይደለም። በታች በኩል ቦረቦር ገብቶ መሬታቸውን እየቆረሰ ነው። እርከኑ መራራቁ ሳይጎዳው አልቀረም። እሳቸውም አይክዱም።

አለማመናቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በደርግ ጊዜ እርከን የሚሠራው በስንዴና በዘይት ነበር። ስንዴው ሲቆም ሥራው ቆመ፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው እርከን ፈረሰ። በ1989 ደግሞ በክልሉ የመሬት ድልድል መጣ። ለአሥር ዓመት የሚጠቅም ድንጋይ የሚክብ ሰው መሬቱ ከአሥር ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የመሬት ደብተር ከተሰጣቸው በኋላ አጎቴ በገዛ ማሳቸው ጠርዝ ላይ ማንም ሳያዝዛቸው ሳር ተክለዋል። ከአንዲት ባልቴት በእኩል የሚያርሱት መሬት ላይ ግን አንዲት ድንጋይ አላስቀመጡም። ለምን ብላቸው «የሰው ነው» አሉኝ።

ጤፍ በመስመር መዝራቱንም ሞክረውት ነበር። በብተና 25 እና 30 ኪሎ የሚፈጀው ሄክታር በመስመር 5 ኪሎ ይበቃዋል፣ ይህን አመስግነዋል። ግን ሐምሌ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ጎንበስ ብሎ የሚዘራው ማን ነው? ልጆቹ ከተማ ናቸው። አንዱ እንዲያውም እዚህ ባልዲ እየሞላ ነው፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና። ባህር ዛፍን ግን ማንም አላስተማራቸውም። እኛ እንዲያውም ከማሳ አርቁ እንል ነበር። ይሸጣላ!

ትናንት ደወሉልኝ። ወሬያቸውን ጨርሰው «ለፋሲካ ስትመጣ ያችን ውሃ ልክ ይዘህልኝ ና» አሉ። ለታችኛው ማሳ ነው፣ ቦረቦሩ አጠገብ። «ርቀቱን እኔ አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ደክሟል።»

የእኔዋ መሥሪያ ቤት ቀርታለች። ነገ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አንድ እገዛለሁ።