የቀለም ጎረቤት

ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ብጠየቅ ክረምቱ ነው እላለሁ፤ ጎንደር በነሐሴ ደመናዋን እንደተከናነበች ስትውል የግንቡ ድንጋይም፣ የፒያሳ ቤቶችም፣ ሰማዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆኑና ሰው ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ባነር የምሠራለት አንድ ደንበኛዬ ደውሎ የባነሩን ጽሑፍ «ትንሽ ደመቅ አድርገው» ያለኝ በዚህ ስሜት ውስጥ ሳለሁ ነው። ጽሑፉ ቀይ ነው፤ መደቡ አረንጓዴ። የመረጠውም እሱ ራሱ ነው። ከዚህ በላይ በምን ይድመቅ?

ንጹሕ ቀይና የተለመደው አረንጓዴ ለዐይን ሰማይና ምድር ቢመስሉም በብሩህነታቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ሥራውን በኮምፒውተር ወደ ጥቁርና ነጭ ስለውጠው ጽሑፉና መደቡ ተዋውጠው አንድ ግራጫ ሆኑ። ዐይን ፊደልን ከመደቡ የሚለየው በዋናነት በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ ሲጎራበቱ የፊደሉ ጠርዝ የሚርገበገብ ይመስላል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸገሩ ሰዎች ደግሞ (ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዙባቸዋል) ጽሑፉ ጭራሹን ሊሰወር ይችላል። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ይህን ልዩነት በቁጥር ይለካዋል፤ ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ሲሆን፣ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል ደግሞ 3 ለ1 ይጠይቃል። በስክሪን ላይ ንጹሕ ቢጫ በነጭ መደብ 1.1 እንኳ አይሞላም። ሁሉ ሰው ደማቅ የሚለው ቀይም በነጭ ላይ 4 ገደማ ነው።

ከዚያ ሐሳቤ ሳላዘው ወደ ጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነጎደ። ተሰልፈው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ስለ ቀለማቸው ሙቀት ሲያወራ እሰማለሁ፤ እኔን ግን ቀና ባልሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚይዘኝ ዐይናቸው ነው። ሠዓሊው የዐይኑን ነጭ ከጥቁሩ ብሌን ጋር አጎራብቶ ከላዩ ጥቁር ቅንድብ ስቦበታል፤ ስለዚህም ብሩሁና ጨለማው ፊት ለፊት የሚገናኙት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። የውስጡ ብርሃን አነስ ሲል ሌላው ቀለም ይደበዝዛል፤ ዐይኖቹ ግን ካሉበት አይነቃነቁም። በሻማና በጧፍ ብርሃን እንደሚታይ አስቦ ይሆን እንዲህ የሣለው?

የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን የጎንደር አሣሣል የሚለዩትም በከፊል በመደቡ ቀለም ነው። የ17ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎች ጥርት ያለ ብሩህ ቀለም በጌጥ አልባ መደብ ላይ ያሳርፉ ነበር፤ በ18ኛው፣ በተለይም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ መደቡ ራሱ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ የሚሸጋገር ሆነ፤ ፊትና ልብስም ጥላ አገኙ። እኔ፣ እቴጌዪቱ ያሠሯት የቁስቋም ወዳጆች ይቅር ይበሉኝና፣ ለቀደሙት አደላለሁ።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን የብራና ጸሐፊዎችን ቁጥብነት ነው። ገጹን የሚሞላው ጥቁር ቀለም ነው፤ ቀዩ የሚነካው የአምላክን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳንን ስምና የምንባብ መጀመሪያን ነው። ቀዩ ጥቂት በመሆኑ ገጹ ገና ሳይነበብ ስሙ የት እንዳለ ዐይን ያውቃል። ቅናሹም፣ ስልክ ቁጥሩም፣ አድራሻውም፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውም ሁሉ ቀይ ይሁን የሚለኝን ሰው አንድ የብራና ገጽ ፊት ባስቀምጠው ምን ይል ይሆን? «ይሄማ ድምቀት የለውም» ይለኝ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ዘወትር ትዝ የሚለኝ የፈረንሳዩ ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ነው። በፓሪሱ የጎብላን የምንጣፍና የመጋረጃ ሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉን ይመራ ነበርና፣ ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ኃይል አጣ ብለው አቤቱታ አቀረቡለት። ክሩን ከሌሎች ፋብሪካዎች ክር ጋር አስተያይቶ መረመረው፤ ጥቁሩ ምንም አልጎደለውም። ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንዴት እንደሚለውጥ የሚያስረዳውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ።

ይህንኑ ለራሴ ደግሜ ለማየት አንዲት ግራጫ ካሬ ሠራሁና አንዱን ቅጂ በቢጫ፣ ሌላውን በአረንጓዴ መደብ ላይ አስቀመጥሁ። በቢጫው ላይ ያለችው ወደ ሰማያዊ አዘነበለች፤ በአረንጓዴው ላይ ያለችው ቀላ አለች። አንድ ቁጥር ያላቸው፣ አንድ ቀለም ናቸው፤ ይህን እያወቅሁም ዐይኔ አላመነኝም። መደቦቹን ሳነሣቸው ወዲያው አንድ ሆኑ፤ ስመልሳቸው እንደገና ተለያዩ። እንዲህ እያደረግሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ባነሩም፣ ደንበኛውም፣ ሆድ ባር ባር ማለቱም ከአእምሮዬ ወጥተው ነበር።

ማታ ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ዘርዝሬ ነገርኋት። እንደ ወትሮዋ እስክጨርስ ታገሠችኝና፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቀው ሰው ሳሎንህን መቼ ነው የምትቀባው?» አለችኝ። ናሙና ብዬ ግድግዳው ላይ የቀባኋቸው ጭረቶች እርስ በርስ መልካቸውን እየተለዋወጡ አላስመርጥ ካሉኝ ከርመዋል። የቤቱ ባለቤት እማማም ባለፈው ለኪራይ ሲመጡ ቆመው አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ሻግቷል እንዴ?» ብለውኛል።