ስለቀነሰችና ስለደመረች

የጀማሪ አልጀብራ ክፍሎች የጋራ ፈተና ወስደው እርማት ላይ ነበርን። ወረቀት ተለዋውጠናል። የእኔ ክፍል የደረሰው በሥራ ዘመን ለሚቀድሙን አንድ መምህር ነው። አርመው ሲመልሱልኝ የአንዷ ልጅ ወረቀት ላይ ዓይኔ አረፈ። አምስት ማርክ ከሚይዝ ጥያቄ ላይ ሁለቱን ቀንሰውባታል። ጥያቄው ሁለቱንም እኩልታ የሚያሟሉ ሀ እና ለን ፈልጉ የሚል ነው።

4ሀ + 5ለ = 22
4ሀ − 2ለ = 8

አንሰር ኪው (የማረሚያ መልሱ) «ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንስ» ይላል። ልጅቷ ግን ሁለተኛውን በ−1 አባዛችው፤ −4ሀ + 2ለ = −8 ሆነ። ከላይኛው ጋር ደመረችው። 7ለ = 14፣ ስለዚህ ለ = 2፣ ሀ = 3። ማንም ሳያዛት ደግሞ መልሱን በሁለቱም እኩልታ ተክታ አረጋግጣለች። 12 ሲደመር 10፣ 22። 12 ሲቀነስ 4፣ 8።

«ቲቸር፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳተችው?» አልኳቸው።

«መልሱ ልክ ነው። መንገዱ ነው እንጂ።»

«መንገዱስ ምን ሆነ?»

«ቀንሱ ተባለ፣ እሷ ደመረች።»

«መቀነስ እኮ ተቃራኒውን መደመር ነው።»

«ያንን አንተ ታውቃለህ። ጀማሪ ግን አንድ መንገድ ይዞ ይሂድ። ሲበዛባቸው ይደናገራሉ።»

ይህች የመጨረሻዋ ንግግር እስከዛሬ ትቆረቁረኛለች። ልጆቹን ያደናገራቸው እኮ ያው አንዱ መንገድ ነው! ከዚያው ክምር ውስጥ ስንቱ 5ለ ላይ −2ለን ሲቀንስ 3ለ ብሎ ጽፏል። ከ5ለ ላይ −2ለ ሲቀነስ 7ለ ነው። ምልክቷ እዚያ ጋ ትጠፋለች፤ መልሱም 14 ሲካፈል ለ3 ሆኖ ቁጭ ይላል። በ−1 አባዝቶ መደመር ይህን ወጥመድ ያስወግዳል።

ምልክት ላይ መሰናከል ደግሞ የዛሬ ልጆች ስንፍና አይደለም። ይህን አንዱን ፊደል አጥፍቶ ሌላውን የማግኘት፣ የማስወገድ ዘዴ፣ የጥንት ቻይናውያን ያውቁት ነበር። ቻይናዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዩ ሁዊ እ.ኤ.አ. በ263 ማብራሪያ የጻፈለት የሒሳብ መጽሐፍ ስምንተኛው ምዕራፍ በሙሉ ስለዚሁ ነው። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አሉታዊ ቁጥሮች እንዴት እንደሚደመሩና እንደሚቀነሱ ራሱን የቻለ ሕግ ተቀምጧል። ያለሱ ዘዴው አይሄድም።

ልጅቷ በ−1 ማባዛቱን ከየት አመጣችው? ክፍል ውስጥ «ሁለት የተለያዩ እኩልታዎችን መደመር ማን ፈቀደልን?» ብላ ጠይቃ ነበር። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚህ ትምህርት ላይ አልሰማሁም። መልሱ ይህ ነው፦ እኩልታው ልክ ከሆነ 4ሀ − 2ለ እና 8 አንድ ቁጥር ናቸው፤ የተጻፉበት መልክ ብቻ ነው የሚለየው። ከላይኛው እኩልታ ግራ 4ሀ − 2ለን፣ ከቀኝ 8ን ስናነሳ ከሁለቱም ወገን ያነሳነው ያንኑ መጠን ነው። እኩልነቱ አይናጋም። ይህ የገባው ልጅ ቢቀንስም፣ ቢደምርም፣ መጀመሪያ በፈለገው ቁጥር ቢያባዛም (ከዜሮ በስተቀር) አይጠፋበትም።

የፈተናው ቀጣይ ጥያቄ ይህንኑ አሳየ። 2ሀ + 3ለ = 6 እና 4ሀ + 6ለ = 15። የመጀመሪያውን በ2 አባዝተህ ከሁለተኛው ስትቀንስ 0 = 3 ይመጣል። ብዙዎቹ ደንግጠው ሰርዘው እንደገና ጀመሩ፤ የሠሩት ሁሉ ልክ ነበር። እሷ ግን 0 = 3 ላይ ቆመች፤ «ሁለቱንም የሚያሟሉ ሀ እና ለ የሉም» ብላ ጻፈች። ሁለቱ እኩልታዎች በግራፍ ሲሳሉ የሚሰጡት መስመሮች ትይዩ ናቸው፣ አይገናኙም። ለዚህኛው ሙሉ ማርክ ሰጥተዋታል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ሄድኩ። ሁለቱ ማርክ ተመለሱላት። አንሰር ኪው ግን እንዳለ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች እንደ እሷ ደምረው ማርክ የተቀነሰባቸው ይኖሩ እንደሆነ ማንም መልሶ አላየም። አይተን ማረም ነበረብን።