ቀንዱን ተዉት፣ ሴቷን እዩ

ባሌ ተራሮች ሄዳችሁ የዱር አጥቢዎችን መለየት ካማራችሁ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ መድረስ፣ መግቢያ መክፈል፣ አስጎብኚ መያዝ ቀላል ነው። ቀይ ቀበሮም ብዙ አያስቸግርም። ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈል ሲያድን ታገኙታላችሁ። ቀላ ያለ ፀጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጫፉ የጠቆረ ጅራት፤ በቃ።

መከራው ጋይሳይ ሜዳ ላይ ነው። ከመነሳቴ በፊት ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ቢሮ መለያ ወረቀት ወስጄ ነበር። የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ቦሆር የሚባለው የሣር ሜዳ እንስሳ ጎን ለጎን ተስለዋል። ሦስቱም ወንዶች! ከሥራቸው «በቀንዳቸው ይለዩ» ይላል። ሜዳው ላይ ከፊቴ የቆሙት ግን አብዛኞቹ ቀንድ የላቸውም። የሦስቱም ሴቶች ቀንድ አያበቅሉማ! ወረቀቱ እጄ ላይ ዋጋ አጣ።

ስመለስ ቢሮው ሄጄ ጠየቅኩ። «ጎብኚ የሚፈልገው ወንዱን ነው» አሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። ሳይንስ ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያ ዘመን አዳኝ ቀንዱን ብቻ ቢያይ አይገርመኝም። እኛ ግን ግልገል የምታሳድገውን ሳናውቅ እንስሳውን አወቅነው እንላለን?

ስለዚህ መጀመሪያ መጠኗን እዩ። ሴት አጋዘን ግዙፍ ናት፤ አንገቷ ረዘም፣ ጆሮዋ ሰፋ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ከሌሎች ሴቶችና ግልገሎች ጋር ናት። ድኩላ ከእሷ በጣም ታንሳለች፤ ብቻዋን ጫካ ዳር ትውላለች፣ ስትደነግጥ እንደ ውሻ ትጮኻለች። ቦሆር ወደ ቢጫ የሚያደላ መልክ አላት። ከጆሮዋ ሥር ፀጉር የሌለው ክብ ጥቁር ምልክት ፈልጉ። ረጅም ሣር ውስጥ ለጥ ብላ ትደበቃለች፣ ስትሸሽ ደግሞ ታፏጫለች። ይህን ፉጨት አንዴ ከሰማችሁ ከሌላ አታምታቱትም።

የጉዞ ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ጋይሳይን ቶሎ ጨርሳችሁ ወደ ሳነቴ እንድትወጡ ይመክራሉ። አትስሟቸው። ጠዋቱን በሙሉ ጋይሳይ ዋሉ፣ አንድ ቦታ ተቀመጡ፣ የርቀት ማያ መነጽር ያዙ። ሳነቴን ለማግስቱ አድርጉት።